ዘጠኝ ቦታ ለሁለት ቀን ይበዛል

ስለ ፎቶ የምትጠይቁበት ዓምድ

ጥያቄ (ከጠባሴ፣ ደብረ ብርሃን)፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን የምንኖር ፎቶ ማንሳት የምንወድ ልጆች ነን። እንጀራችን ሌላ ነው፤ መምህር አለ፣ ባንክ የሚሠራ አለ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም አሉን። ክረምቱ ወጥቶ ጸደይ ሲገባ አንድ ቅዳሜና እሁድ አዲስ አበባ ሄደን፣ እዚያ ካሉ ፎቶ አንሺዎች ጋር ተገናኝተን አብረን ለማንሳት አስበናል። ሁላችን ስንደመር ሃያ ሰው እንሆናለን። ፕሮግራም አውጥተናል። ቅዳሜ መርካቶ፣ ፒያሳ፣ የዓድዋ ድል መታሰቢያ፣ አንድነት ፓርክ፣ መስቀል አደባባይ። እሁድ እንጦጦ፣ ሽሮ ሜዳ፣ ለገሃር፣ ብሔራዊ ሙዚየም። ቀኑን ገና አልቆረጥንም። እስቲ ይዩልንና የጎደለውን ይንገሩን።

መልስ፦ ምንም አልጎደለውም፤ በዝቶበታል እንጂ። ሳነበው የተማሪዎች ጉብኝት መሰለኝ። መኪናው ይቆማል፣ ሁሉም ይወርዳል፣ በር ላይ ተሰልፎ ይነሳል፣ "ቶሎ ግቡ፣ ረፈደ!" ይባላል። ማታ ካሜራው ሞልቶ ይገኛል። ከፍታችሁ ስታዩት ግን "ይቺ የኔ ናት" ብሎ የሚከራከርላት አንድ ፎቶ ያለው ሰው ከመካከላችሁ አይገኝም።

እኔ ከፎቶ ቤት የወጣሁ ሰው ነኝ። ፕሮግራም ሳወጣ መጀመሪያ የምጠይቀው "ብርሃኑ መቼ ነው?" ብዬ ነው፤ "የት?" የሚለው በኋላ ይመጣል። እኛ አገር ፀሐይ ቸኩላ ትወጣለች፣ ቸኩላም ትጠልቃለች። በጥቅምት ከጠዋቱ 12 ሰዓት አለፍ ሲል ብቅ ትላለች። እስከ 2 ሰዓት ብርሃኑ ለስላሳ ነው፤ ጥላው ይረዝማል፣ የሰው ፊት ያምራል። 3 ሰዓት ሲያልፍ ይከራል። እኩለ ቀን ላይማ አናት ላይ ናት፤ የሰው ዓይን ጉድጓድ ይጠቁራል፣ አፍንጫ ሥር ጥላ ይንጠለጠላል፣ ነጭ ልብስ ወረቀት ይሆናል። ከ10 ሰዓት ተኩል በኋላ ደግሞ ነገሩ ይመለሳል፤ እስከ 12 ሰዓት።

እንግዲህ ቁጠሩ። ቅዳሜ ጠዋት መንገድ ላይ ናችሁ። እሁድ ማታ ወደ ቤት እየተመለሳችሁ ነው። የቀራችሁ የቅዳሜ ማታና የእሁድ ጠዋት ብርሃን ነው። ሁለት ብርሃን ካላችሁ ሁለት ሰፈር ይበቃችኋል። የቀረውን ሰርዙት፤ ለሚቀጥለው ዓመት ይሁናችሁ።

ሰፈሮቹን ከመምረጤ በፊት ስለ ቀኑ። የመስቀል ሰሞን አትሂዱ። መስከረም 16 ደመራው መስቀል አደባባይ ስለሚለኮስ መንገዱ ይዘጋል፣ ፍተሻውም ብዙ ነው። በመስከረም መጨረሻ ደግሞ ኢሬቻ አለ፤ ያን ሰሞንም ዝለሉት። በዓሉን ራሱን ለማንሳት ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው፣ እሱ የራሱ ዝግጅት ይፈልጋል። ኅዳር ላይ ታላቁ ሩጫ የሚካሄድበት እሁድ አለ። ያን ቀን መሐል ከተማው የሯጭ ነው፣ ታክሲም አታገኙ። ስለዚህ የጥቅምት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ይሻሏችኋል። መስከረም ላይ ከሰዓት በኋላ ዝናብ አሁንም ይጥላል፤ ጥቅምት ሲገባ ሰማዩ ይጠራል። ክረምቱ አየሩን አጥቦት ስለሚሄድ ሩቁ ሁሉ ጥርት ብሎ ይታያል። በጋ ሲመጣ ይሄ የለም፤ አቧራና ጭስ ነው። አደይ አበባ ያሻው ሰው ካለ ግን ቶሎ በሉ። ጥቅምት ከተጋመሰ አደይ እያለቀች ነው።

ከቀኑ ጋር የሚሄድ አንድ የሆድ ጉዳይ። ጽጌ ጾም ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ነው። የፈቃድ ጾም ቢሆንም ከሃያ ሰው መካከል የሚጾም አይጠፋም። "በጥቅምት አንድ አጥንት" እያለ ሥጋ ቤት ሊነዳችሁ የሚፈልግም አይጠፋም። ምሳ ቤት ስትመርጡ ሁለቱም የሚስተናገዱበትን ያዙ። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ጉዞ ላይ ኩርፊያ የሚጀምረው ግን ከምሳ ነው።

መንገዱን በአጭሩ። አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በየሚኒባሱ ተበታትናችሁ ከምትሄዱ ተዋጡና አንድ ኮስተር ተኮናተሩ። ማልዳችሁ ውጡ። ጫጫን፣ ሸኖን፣ አለልቱን፣ ሰንዳፋን አልፋችሁ ረፋዱ ላይ ትገባላችሁ። የመንገዱን ሁኔታ ግን ዓርብ ማታ ከሹፌር ጠይቁ፤ በዚህ ጊዜ ሳይጠይቁ መውጣት አያዋጣም። መታወቂያ ያልያዘ ሰው አይሳፈር። ገንዘቡን አንድ ሰው ይያዝ፣ እሱም ገንዘብ ያዥ እንጂ ፎቶ አንሺ አይደለሁም ብሎ ለሁለት ቀን ይቁረጥ። አልጋ አራት ኪሎ ወይም ፒያሳ አካባቢ ያዙ። እሁድ ሲነጋ ታክሲ ሳትጠብቁ በእግራችሁ መድረስ አለባችሁ።

ብሔራዊ ሙዚየሙን አንተውም ካላችሁ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ አድርጉት። ድንቅነሽ ፀሐይ አትፈልግም። ፀሐይዋ ስትከር ቤት ውስጥ መግባት ነው፤ ሙዚየምም ሆነ ቡና ቤት።

ቅዳሜ ማታ ሽሮ ሜዳ። ለምን ብትሉኝ፣ ጨርቅ ስላለ። በየሱቁ ደጃፍ ነጠላው፣ ጋቢው፣ የሐበሻ ቀሚሱ ተሰቅሎ ይውላል። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ከጨርቁ ጀርባ የምትገባበት ደጃፍ ፈልጉ። የነጠላው ሽመና ክሩ አንድ በአንድ ይታያል፤ ጥለቱ ከውስጡ የበራ ይመስላል። ሻጩ ለገዢ ለማሳየት ነጠላውን በሁለት እጁ ወጥሮ ሲይዘው ጣቶቹ በጨርቁ ውስጥ እንደ ጥላ ይወጣሉ። ገዢዋ ደግሞ ጠርዙን በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሐል አድርጋ ታሸዋለች፤ የክሩን ጥራት መመርመሯ ነው። በዚያች ቅጽበት የሁለቱም ሰዎች ዓይን ጨርቁ ላይ ነው፣ እናንተን ማንም አያያችሁም። ለዚህች አንዲት ፎቶ አንድ ደጃፍ ላይ ግማሽ ሰዓት ብትቆሙ አልበዛም። ብቻ ከመቆማችሁ በፊት ባለሱቁን አናግሩት። "ሥራዎትን ሳላውክ ትንሽ ላንሳ?" በሉት። ገበያ እንዳትዘጉበት ከደጃፉ ዞር በሉ። ከቻላችሁም አንድ ነገር ግዙ።

ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል ወደ ስድስት ኪሎ በእግር ስትወርዱ የአሜሪካ ኤምባሲ መንገዱ ላይ ነው። እዚያ ስትደርሱ ካሜራው ቦርሳ ውስጥ ይግባ። "አጥሩን አይደለም፣ ዛፉን ነው ያነሳሁት" የሚባል ክርክር ውስጥ አትግቡ። ኤምባሲ፣ የጦር ሰፈር፣ የቤተ መንግሥት አጥር፣ ፖሊስና ወታደር፣ ኬላ አይነሳም። አጥፋ ከተባላችሁ አጥፉ። ሃያ ሰው ካሜራ አንግቶ ሲሄድ "ከየት ሚዲያ ናችሁ?" የሚል መምጣቱ አይቀርም። የአዲስ አበባ ወዳጆቻችሁ ቀደም ብለው ከሚመለከተው የባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ያውጡ። ኮፒውም በየቡድኑ አንድ ይኑር።

"በየቡድኑ" ያልኩት ሃያ ሆናችሁ እንዳትሄዱ ነው። ሃያ ሰው ሲመጣ ሰፈሩ ፊቱን ይቀይራል፤ ልጆች ይሰበሰባሉ፣ ትልልቆቹ ይሸሻሉ፣ የቀረው ሰው ፖዝ ይሰጣል። አራት አራት ሁኑ። በየአራቱ ውስጥ ቢያንስ አንድ የከተማው ልጅ ይግባ። መርካቶን የሰረዝኩትም በዚሁ ምክንያት ነው። መርካቶ ለሁለት ሰው ያለ ካሜራ ቦርሳ እንጂ ለማኅበር አይሆንም። ጭነት ተሸክሞ "መንገድ!" እያለ ለሚሮጥ ሰው እንቅፋት ትሆኑበታላችሁ። እሱ ደግሞ እውነቱን ነው።

እሁድ ጠዋት ፒያሳ፣ ጊዮርጊስ። ሳይነጋ ተነሱ። ምኒልክ አደባባይ ላይ ያለው የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት የተመረቀው በ1923 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነው፤ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ ዋዜማ። ጣሊያን ሲገባ አነሳው፤ ከነጻነት በኋላ ወደ ቦታው ተመለሰ። ሰማዩ ወገግ ሲል ፈረሱና ፈረሰኛው ጥቁር ሆነው የሚታዩበትን ጎን ፈልጉ። የዓድዋ መታሰቢያው እዚያው አጠገብ ነው፤ ስለዚህ ከሰረዝኳቸው አንዱ ተመለሰላችሁ ማለት ነው። ውስጡን ለማየት የመግቢያ ሰዓቱን አስቀድማችሁ ጠይቁ። የድሮዋን ፒያሳ ፍለጋ የምትመጡ ካላችሁ ግን ብዙው በ2016 ዓ.ም. ፈርሷል። ያልፈረሰውን ፈልጋችሁ አንሱት። የአንድ አሮጌ በረንዳ ፎቶ ነገ ሰነድ ነው።

ጊዮርጊስ ላይ ሕዝቡ ከቅዳሴ ሲወጣ ጠብቁ። ቀኑ 23 ላይ ከዋለ ደግሞ የሚወጣው ሕዝብ ሌላ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ አይነሳም፤ ግቢው ውስጥም ሳታስፈቅዱ አትጀምሩ። ሴቶቹ ነጠላ ይያዙ፣ ፍላሽ ይጥፋ። እዚህ ላይ አንድ የፎቶ ቤት ነገር ልንገራችሁ። ሁሉም ነጭ ለብሶ ሲወጣ ካሜራው ይታለላል። ብዙ ነጭ ሲያይ "ብርሃን በዛ" ይልና ፎቶውን ያጠቁረዋል፤ ነጠላው አመድ ይመስላል፣ የጠይም ሰው ፊት ይጠፋል። ስቱዲዮ ውስጥ ነጭ የለበሱ እናት ሲመጡ መጀመሪያ የማየው ልብሳቸውን ሳይሆን ጉንጫቸውን ነው። እናንተም ፊት ላይ ለኩ። ፀሐይ መሐል የቆመን ሰው ከማንሳት ደግሞ አጥር ጥላ ሥር፣ ዛፍ ሥር እስኪገባ ጠብቁት። ጥላ ውስጥ ፊቱም ነጠላውም አብረው ይወጣሉ፤ የጥለቱ መስመርም አይጠፋም።

ስለ ሰው ማንሳት ብዙ ይባላል፤ እኔ አንድ ነገር ብቻ ነው የማስቸግራችሁ። ያነሳችሁት ሰው "ትልክልኛለህ?" ይላችኋል። ሁልጊዜ ይላል። እናንተም "እሺ" ትላላችሁ። ከዚያ በኋላ ማንም አይልክም። ይህ ነገር አገር ምድሩን አስቀይሞታል። አሁን "አልነሳም፣ ወስዳችሁ ትሸጡታላችሁ" የሚለው ሰው በፊት የሆነ ሰው "እሺ" ብሎት ቀርቶበት ነው። ቴሌግራም ካለው እዚያው ቆማችሁ ላኩለት። ከሌለው አሳትሙና የከተማው ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት ያድርስለት። የማትልኩ ከሆነ "አልችልም" በሉት፤ ይገባዋል።

ከጊዮርጊስ በኋላ 3 ሰዓት ይሆናል። ካሜራ ይከተት። ቁርስ፣ ቡና፣ ከዚያ የስብሰባው ዋና ነገር። እያንዳንዱ ሰው ከሁለቱ ቀናት ሦስት ፎቶ ብቻ ይምረጥ። አራተኛ የለም። ቅርብ ካለ ፎቶ ቤት በፖስት ካርድ መጠን አሳትሙ፣ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ደርድሯቸው፣ ማን እንዳነሳቸው ሳይነገር ሁሉም ዞሮ ይይ። ከዚያ እያንዳንዱ ሰው የራሱ ያልሆነ አንድ ፎቶ አንስቶ ለምን እንደያዘችው ይናገር። ስልክ ላይ እያሻሹ "አሪፍ ነው፣ አሪፍ ነው" መባባል ሌላ ነው። ወረቀት ላይ ሲሆን ሰው ይቆማል፣ ያዘነብላል፣ ይከራከራል። የምትጣሉትም የምትዋደዱትም እዚህ ጋ ነው። ለዚህ ሁለት ሰዓት መድቡ፤ ምሳ ብሉና በጊዜ ወደ ቤት።

አንድ ነገር ረሳሁ፦ ሌሊት ከተማዋን ማንሳት የምትፈልጉ ቅዳሜ ማታ ውጡ። የኮሪደር ልማቱ በመብራት አጥለቅልቋታል፣ የእግረኛ መንገዱም ሰፊ ነው። ትራይፖድ ግን ጥበቃ ይጠራባችኋል። ካሜራችሁን ግንብ ላይ ደገፍ አድርጉ።

ጥያቄ (ከደብረ ሲና)፦ ጋሽዬ፣ እኔ ካሜራ የለኝም፣ በስልኬ ነው የማነሳው። የደብረ ብርሃን ልጆች እንዲህ ያለ ፕሮግራም ሲያወጡ ልመዘገብ ብዬ አፈርኩ። ባለካሜራዎቹ መሐል ስልክ ይዤ ብገባ አይሳቅብኝም?

መልስ፦ የሚስቅብሽ ካለ ፎቶውን አሳይኝ በይው፤ ያኔ ዝም ይላል። ተመዝገቢ።

ስልክሽን ግን አሠልጥኚው። ከሁሉ በፊት ሌንሱን በንጹሕ ጥጥ ነገር ጥረጊ። ቀኑን ሙሉ በጣት ሲነካ ቅባት ይይዛል፤ አምፖል ሁሉ ጸጉር አውጥቶ፣ ሰዉ ሁሉ ጉም ለብሶ የሚወጣልሽ በዚያ ነው። ሁለተኛ፣ በሁለት ጣት እየዘረጋሽ አታቅርቢ። በእግርሽ ቅረቢ። ሦስተኛ፣ የምታነሺውን ነገር ስክሪኑ ላይ ስትነኪው አጠገቡ ትንሽ የፀሐይ ምልክት ይመጣል፤ ወደ ታች ጎትቺው። ስልክ ሁሉን ነገር አብርቶ ማሳየት ይወዳል። ትንሽ ሲጨልም ነው መልክ የሚይዘው።

ሌላው የሚገርመኝ፣ አንቺ ጣርማ በር ሥር እየኖርሽ አዲስ አበባን መመኘትሽ ነው። እዚያ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ጉሙ ከደብረ ሲና ገደል ተነስቶ ወደ ላይ ሲወጣ በጣሊያን ዘመን የተቆፈረው ዋሻ አፉ ይዘጋል። መኪኖች መብራታቸውን አብርተው ከነጭ ውስጥ ብቅ ይላሉ። አስፋልቱ ላይ ግን እንዳትቆሚ፤ ሹፌሩ አያይሽም። ከመንገዱ ወጣ ብለሽ፣ ዋሻው አፍ ላይ ሳይሆን ከጎኑ ሆነሽ አንሺ። ሦስቱን ፎቶ ከዚያ ይዘሽ ብትሄጂ አዲስ አበቤዎቹ በሚቀጥለው ወር ደብረ ሲና ናቸው።

ጥያቄ (ከመገናኛ፣ አዲስ አበባ)፦ ሰላም ጋሼ። እኛ ደግሞ የከተማ ሕንፃ ሰልችቶናል። ስምንት ነን። ጭላዳ ዝንጀሮና አንኮበርን ማንሳት እንፈልጋለን፤ ደብረ ብርሃን አድረን ብንመለስ በአንድ ቅዳሜና እሁድ ይሆናል? ብርድ ልብስ እንያዝ ወይስ ሆቴል ይበቃል?

መልስ፦ ይሆናል፤ አንኮበር ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስለ ብርዱ የጠየቃችሁት ግን ደስ አለኝ፤ ብዙ እንግዳ ቲሸርት ለብሶ መጥቶ በማግስቱ ከአልጋ አይነሳም። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ላይ ናት። በጥቅምትና በኅዳር ሌሊቱ ውርጭ ነው፣ ሜዳው ነጭ ሆኖ ያድራል። ሆቴሉ ይበቃል፤ ሌሊት 11 ሰዓት ስትወጡ ግን ጋቢ ያስፈልጋችኋል። ባትሪም ይበርደዋል። ሙሉ ነው ያላችሁት ባትሪ ብርድ ላይ ሲወጣ ቶሎ ይወርዳል፤ ትርፉን ከውስጥ ኪሳችሁ፣ ገላችሁ ጋ ያዙት። ከብርድ ወደ ሞቀ ቡና ቤት ስትገቡ ደግሞ ሌንሱ ላብ ያወጣል። ካሜራውን ውጭ ሳላችሁ በላስቲክ ከረጢት አስሩትና ይዛችሁ ግቡ፤ ሙቀቱን ቀስ ብሎ ሲለምድ ክፈቱት። በሸሚዝ ጫፍ አትጥረጉት።

ለጭላዳ ሌሊት መነሳት አያስፈልግም። ገደል ላይ ነው የሚያድሩት፤ ፀሐይ ሲሞቃቸው ነው ወደ ሜዳው የሚወጡት። ማለዳውን ለሰማዩ ተጠቀሙበትና እነሱን ረፋድ ሲል ፈልጓቸው። ሣር በሎች ናቸው፣ ቁጭ ብለው በጣታቸው ሣር ሲነቅሉ ይውላሉ። ስለዚህ አትከተሏቸው። ወዳሉበት ሳይሆን ወደሚሄዱበት አቅጣጫ ቁጭ በሉ፤ እየበሉ እነሱ ራሳቸው ይመጣሉ። መሬት ላይ ዝቅ ብላችሁ ከዓይናቸው እኩል ስትሆኑ ደረታቸው ላይ ያለው ቀይ ቦታ ይታያል፤ ከላይ ቆሞ የሚያነሳ ጀርባና ጸጉር ብቻ ነው የሚያገኘው። ትልቁ ወንድ ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን ካሳያችሁ ቀርባችኋል ማለት ነው፤ ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ። እናትና ልጅ መሐል አትግቡ። ሙዝ፣ ዳቦ፣ ብስኩት አትስጡ። አንዴ የለመደ መንጋ ገበሬው አዝመራ ላይ ይወርዳል፣ ዕዳው የገበሬው ነው።

አንኮበር ላይ የሣህለ ሥላሴና የምኒልክ ግቢ የነበረበት ኮረብታ ላይ ውጡ። ወደ ምሥራቅ አፋር ሜዳ ድረስ ቁልቁል ይታያል፤ ፀሐይዋ ከዚያ ነው የምትወጣው። ቆላው ብዙውን ጊዜ ጭጋግ አለበት። አትማረሩበት፤ ተራራው በንብርብር የሚታየው በሱ ነው። ረዥም ሌንስ ያለው ሰው ንብርብሩን ያጥብበው፣ ሌላው ሰፊውን ይያዝ። ወፍ የሚወድ ካለ አንኮበር ሴሪን የምትባል ትንሽ ወፍ አለች፤ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የለችም። መልኳ ግራጫና ቡናማ ስለሆነች ከድንጋዩ ለመለየት የአካባቢ ልጅ ዓይን ያስፈልጋችኋል። መሪ ያዙ፣ በደንብም ክፈሉት። መንገዱና ጸጥታው እንዴት እንደዋለ የሚነግራችሁም እሱ ነው፤ "ዛሬ አይሆንም" ካለ አይሆንም።

የመንዝ ጓሳንም ጠይቃችሁ ነበር በደብዳቤያችሁ ግርጌ። ለሁለት ቀን አትጨምሩት። እሱ ራሱን የቻለ ጉዞ ነው፤ ቀይ ቀበሮ አየሁ ለማለት ብላችሁ መንገድ ላይ ትውላላችሁ። ጊዜ ከተረፋችሁ በመመለሻችሁ ጫጫ አካባቢ ወደ አንጎለላ ጎራ በሉ፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. የተወለዱበት ነው። የሚነሳ ሕንፃ ፍለጋ ሳይሆን ሜዳውን፣ በጉን፣ ደረቅ ድንጋይ የተካበበትን አጥር። የሸዋ ደጋ ጥቅምት ላይ የሚያምረው እንደዚያ ነው፤ ገብሱ መቅላት ሲጀምር።

ጥያቄ (ከሸዋ ሮቢት)፦ ጋሼ፣ አጎቴ ከውጭ ሲመጣ ድሮን ሊያመጣልኝ ነው። ለስብሰባው ይዤ ብመጣ ድምቀት አይሆንም?

መልስ፦ አጎትህን ዛሬ ማታ ደውለህ "ሌንስ ይሻለኛል" በለው። ድሮን ያለ ፈቃድ ጉምሩክ ላይ ይቀራል። ተሳክቶለት ቢያስገባው እንኳ፣ ፈቃድ ሳይኖርህ ከተማ ላይ ብታስነሳው ስብሰባው ጣቢያ ውስጥ ነው የሚቀጥለው። 50 ሚሊሜትር፣ 1.8 የሚሉትን ያምጣልህ። ከርካሾቹ ሌንሶች አንዱ ነው፣ ኪስ ውስጥም ይገባል። የካሜራህን ዓይነት ግን ጻፍለት፤ የካኖን ለኒኮን አይገባም።